አሮጌ ኮምፒውተርን ደምስሶ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን

አሮጌ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው ወዲያው «ፎርማት ይደረግ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ተጭነው የተረሱ ፕሮግራሞች፣ ከጀርባ ሆነው ራም የሚበሉ ሶፍትዌሮች፣ በወጉ ሳይነቀሉ የቀሩ ቅሪቶች ከዓመት ዓመት ይጠራቀማሉ። አንድ በአንድ እየለቀሙ ከማጽዳት ሁሉንም ጠርጎ ከዜሮ መጀመር ይቀላል።

ፎርማቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ጥቂት ክሊክ ነው። የሚያንገበግበው ከዚያ በፊት ሳይደረግ የቀረው ነገር ነው፦ ሳይገለበጥ የጠፋ ፎቶ፣ የትም ያልተጻፈ ቁልፍ፣ በስህተት የተደመሰሰ ሌላ ዲስክ። ስለዚህ እዚህ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ከመደምሰስ በፊት ላለው ሥራ ነው። እሱ በደንብ ከተሠራ የቀረው በአብዛኛው መጠበቅ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ ማን ጋር ሊቆይ ነው?

ከሁሉ በፊት ይህን መልሱ። እናንተው ጋር የሚቆይ ከሆነ የድሮዎቹን ፓርቲሽኖች (ዲስኩ የተከፋፈለባቸውን ክፍሎች) አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ይበቃል። ልትሸጡት ወይም ለሌላ ሰው ልትሰጡት ከሆነ ግን አይበቃም።

ፋይል «ዲሊት» ስታደርጉ፣ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ስታደርጉ፣ ፈጣን ፎርማት ስታደርጉም ጭምር ዳታው ሃርድ ዲስኩ ላይ እንዳለ ይቀመጣል። የሚለወጠው መዝገቡ ነው፤ ያ ቦታ «ክፍት ነው» ተብሎ ይመዘገባል። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም ማንም ሰው መልሶ ሊያወጣው ይችላል። የመታወቂያ ቅጂ፣ የባንክ ሰነድና የልጆች ፎቶ የነበረበትን ዲስክ በዚህ ሁኔታ ለማታውቁት ሰው አታስረክቡ።

ማሽኑን ፈትሹ

ፎርማት ማድረግ ሁሉን አያድንም። ሃርድ ዲስኩ ሊሞት የተቃረበ ከሆነ አዲስ ዊንዶውስ ቢጫንበትም ከሳምንት በኋላ ያው ችግር ይመለሳል። ጆሮ ስጡት። ቀጭን፣ ተደጋጋሚ የ«ቀጭ ቀጭ» ድምፅ ካሰማ ሌላ ሥራ አትጀምሩበት፤ ያለውን ፋይል በፍጥነት አውጡና ዲስኩን ቀይሩት።

ዊንዶውስ የሚነሳ ከሆነ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ተመልከቱ። ራሙ ስንት ጊጋባይት እንደሆነ፣ ፕሮሰሰሩ የትኛው እንደሆነ እዚያ ይታያል። ዲስኩን ስትነኩት ደግሞ ኤችዲዲ (የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ) ነው ወይስ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ ፈጣኑ ዓይነት) የሚለውን ዊንዶውስ 10 እና 11 ይነግሯችኋል። ይህን በወረቀት ጻፉት። ኋላ የአደማሰሱን ዘዴ የሚወስነው እሱ ነው።

ማሽኑ እናንተው ጋር የሚቆይ ከሆነና ዲስኩ የድሮው፣ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ምክሬ አንድ ነው፦ በሳታ ኤስኤስዲ (በድሮው ዲስክ ቦታ በሚሰካው ዓይነት) ተኩት። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከሚደረግ ለውጥ ሁሉ ፍጥነቱ ወዲያው የሚታየው ይህ ነው። ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው። የድሮው ዲስክ ሳይነካ ከነፋይሉ ወጥቶ ይቀመጣል። የረሳችሁት ነገር ቢኖር በዩኤስቢ ማገናኛ ሰክታችሁ ታወጡታላችሁ። ከዚህ የተሻለ ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) የለም።

የትኛውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም?

ዊንዶውስ 10 ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ተቋርጧል። ዊንዶውስ 7ማ ከ2020 ጀምሮ የለም። እነዚህን እንደ አዲስ ጭኖ ኢንተርኔት ላይ መዋል የደህንነት ቀዳዳውን ክፍት ትቶ መተኛት ነው።

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። በኢንቴል በኩል ይህ በአጭሩ ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ በላይ ማለት ነው። 4 ጊጋባይት ራም የሚለው በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ ከ8 በታች ከሆነ ሥራው ያታክታል። ቅድመ ሁኔታውን ዘሎ የሚጭኑበት ዘዴ አለ። እኔ ለዋና መሥሪያ ኮምፒውተር አልመክረውም። ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነት ማሽን አፕዴት እንደሚቀጥል ዋስትና አይሰጥም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 24ኤች2 የተባለው እትም በጣም አሮጌ ፕሮሰሰሮች ላይ ጭራሽ አይነሳም።

ማሽኑ ለዊንዶውስ 11 ካልበቃ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጥሩ ቤት ይሆነዋል። ነጻ ነው። የሚጠይቀው ዝቅተኛ ራም 2 ጊጋባይት ነው፤ 4 ቢሆን ይመቻል። የዲስክ ቦታውም 20 ጊጋባይት ይበቃል። «ኤክስኤፍሲኢ» የተባለው ቀለል ያለ እትሙ ለደካማ ማሽን የተመቸ ነው። ኢንተርኔት ለመጠቀም፣ ለመጻፍ፣ ቪዲዮ ለማየትና ኢሜይል ለመላላክ ምንም አይጎድለውም። በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የሥራ ሶፍትዌር ካላችሁ ግን መጀመሪያ ምትክ መኖሩን አረጋግጡ። ፎቶሾፕ ወይም ሙሉው የማይክሮሶፍት ኦፊስ ሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይጫንም።

ዊንዶውስ ለመጫን ብትወስኑም እንኳ አንድ የሊኑክስ ሚንት ፍላሽ ብታዘጋጁ እመክራለሁ። ሚንት ዲስኩ ላይ ሳይጫን ከፍላሹ ብቻ ይነሳል። ዊንዶውሱ አልነሳ ባለ ኮምፒውተር ላይ ፋይል ለማውጣት፣ የዲስኩን ጤና ለማየት፣ ዲስኩን አጥርቶ ለመደምሰስ ያው አንድ ፍላሽ ያገለግላል።

ባክአፕ፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስና ዳውንሎድስ የሚሉትን ፎልደሮች ሁሉም ሰው ያስታውሳቸዋል። የሚረሱት ሌሎቹ ናቸው።

ብሮውዘሩን ክፈቱና ቡክማርኮቹን ወደ ፋይል አውጡ። ፓስወርዶች ብሮውዘሩ ውስጥ ተቀምጠው ከሆነ እነሱንም አውጡ፤ ወይም ከአካውንታችሁ ጋር መመሳሰላቸውን ከስልካችሁ ሆናችሁ አረጋግጡ። የሚወጣው የፓስወርድ ፋይል ማንም ከፍቶ የሚያነበው ግልጽ ጽሑፍ መሆኑን አትዘንጉ። በኮምፒውተሩ ላይ አውትሉክ የምትጠቀሙ ከሆነ ኢሜይሎቹ በፒኤስቲ ፋይል ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። የሂሳብ መዝገብ ሶፍትዌር ካላችሁ ዳታውን ሲ ድራይቭ ውስጥ በራሱ ፎልደር ነው የሚያስቀምጠው፤ ሶፍትዌሩ የራሱ የባክአፕ ምርጫ ካለው በእሱ ተጠቀሙ። ራሳችሁ የጫናችኋቸውን ፎንቶችም ገልብጡ። ዲ የሚባል ድራይቭ ካለ እሱንም እዩት። ብዙ ጊዜ ሲ እና ዲ የአንድ ዲስክ ሁለት ፓርቲሽኖች ናቸው፤ ዲስኩ ሲደመሰስ አብረው ይሄዳሉ።

ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ላይ ፋይል ማስቀመጫ) የምትጠቀሙ ከሆነ ከፋይሉ አጠገብ ያለውን ምልክት ልብ በሉ። የደመና ምስል ካለው ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ የለም፤ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ሳታወርዱት በሌላ መንገድ ከገለበጣችሁት ባዶ እጃችሁን ልትቀሩ ትችላላችሁ።

ከፋይል ውጭ መመዝገብ ያለባቸው ነገሮች አሉ። በገንዘብ የገዛችኋቸው ሶፍትዌሮች ቁልፍ አንዱ ነው። ሌላው ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ ዲስክ ማመስጠሪያ ነው። ዲስኩ በቢትሎከር የተመሰጠረ ከሆነ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ አለው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ነው። በተለይ የድሮውን ዲስክ አውጥታችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ ያለዚህ ቁልፍ ዲስኩ ዝም ብሎ ብረት ነው። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ኮድ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ የምትቀበሉ ከሆነም አሁኑኑ ወደ ስልክ አዛውሩት።

ገልብጣችሁ ስትጨርሱ አረጋግጡ። እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የፎቶ ፎልደር ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» በሉ። የፋይሉን ብዛትና መጠን ጻፉ። ውጫዊው ዲስክ ላይ ያለውን ቅጂም እንዲሁ አድርጉ። 8,412 ፋይል አንዱ ጋር፣ 8,390 ሌላው ጋር ካለ 22 ፋይል የሆነ ቦታ ቀርቷል ማለት ነው፤ ፈልጉት። ቀጥሎ ውጫዊውን ዲስክ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩና ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይሎችን ክፈቱ። ስሙ ኖሮ የማይከፈት ፋይል ያጋጥማል። ለመተካት የማይቻል ነገር ካለ ደግሞ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ ይኑር።

ፎርማት የምታደርጉት በቫይረስ ምክንያት ከሆነ ሰነድና ፎቶ ብቻ ውሰዱ። የፕሮግራም መጫኛዎችን አትገልብጡ። ቅጂውንም መልሳችሁ ከመክፈታችሁ በፊት ስካን አድርጉት።

የሚነሳ ፍላሽ ማዘጋጀት

ባለ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ፍላሽ ያዙ። በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የሚፈለግ ነገር ካለ አስቀድማችሁ አውጡ። ፍላሹን በሌላ፣ ጤነኛ በሆነ ኮምፒውተር ላይ ማዘጋጀት ይሻላል።

ለዊንዶውስ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» የሚባለውን ከራሱ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዳችሁ አስነሱ። እሱ ራሱ አውርዶ ፍላሹ ላይ ይጽፋል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ «ተዘጋጅቶ የተከፈተ» የሚባል ዊንዶውስ አትጫኑ። በውስጡ ምን እንደተጨመረበት የምታውቁበት መንገድ የለም። ደግሞም ብዙ ጊዜ አያስፈልጋችሁም። ማሽኑ ላይ ቀድሞ ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከነበረ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር ተያይዟል፤ ያንኑ ዓይነት እትም ስትጭኑና ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል።

ለሊኑክስ ሚንት የአይኤስኦ ፋይሉን (ሙሉው ሲስተም በአንድ ላይ የተጠቀለለበትን) ከሚንት ድረ ገጽ አውርዱ። 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። ፋይሉ ሲወርድ ተበላሽቶ እንደሆነ የሚታወቀው ድረ ገጹ ላይ በተጻፈው የሻ 256 ቁጥር (የፋይሉ አሻራ) ነው። ዊንዶውስ ላይ ሩፈስ የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም ክፈቱ፣ ፋይሉን ምረጡ፣ ከጎኑ ያለውን የማረጋገጫ ምልክት ስትነኩ ቁጥሩን ታወጣላችሁ። ከድረ ገጹ ጋር አንድ ከሆነ ቀጥሉ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም ጭነት ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ሩፈስ በስተላይ የሚያሳየው የፍላሹን ስምና መጠን ነው። ባክአፕ ያደረጋችሁበት ውጫዊ ዲስክ በዚያው ሰዓት ተሰክቶ ከሆነ ንቀሉት። ይህን አደራ እላለሁ።

ከፍላሹ ማስነሳት

ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰኩ። ያረጀ ባትሪ መሃል ላይ ከከዳ ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

ዊንዶውስ ስትዘጉት ሙሉ በሙሉ ላይዘጋ ይችላል። «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው ነገር ግማሹን ሁኔታ ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ስለዚህ ሺፍትን ይዛችሁ «ሻት ዳውን» በሉት። ፍላሹን ሰኩ። አሮጌ ማሽን ላይ ሰማያዊ ውስጥ ያለው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ አልነሳ ካለ ጥቁሩን ሞክሩ።

አሁን የማብሪያውን ቁልፍ ተጫኑና ወዲያው፣ የአምራቹ አርማ ሳይመጣ፣ የቡት ቁልፉን (ኮምፒውተሩ ከምን እንደሚነሳ የሚያስመርጠውን) ደጋግማችሁ ንኩ። ዴል፣ ሌኖቮ፣ ኤሰርና ቶሺባ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 12 ነው። ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ ነው። አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኢስኬፕ ነው። አንድ ጊዜ ተጭኖ መያዝ ሳይሆን ታክ ታክ ታክ እያደረጉ መንካት ነው። ዊንዶውሱ ከቀደማችሁ አጥፉና እንደገና ሞክሩ። የሚመጣው ዝርዝር ላይ ፍላሹ በስሙ ይታያል። «ዩኢኤፍአይ» (አዲሱ የአነሳስ ዓይነት) የሚል ቅጥያ ያለውና የሌለው ሆኖ ሁለቴ ከታየ፣ ኮምፒውተሩ በዊንዶውስ 8 ዘመን ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ከሆነ ዩኢኤፍአይ ያለውን ምረጡ።

ኤፍ 12 ዝርዝር ካላመጣ ወደ ባዮስ (ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በፊት ወደሚነሳው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ግቡና የቡት ቅደም ተከተሉን ቀይሩ። የመግቢያው ቁልፍ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች ላይ ዲሊት ነው።

አሁን መደምሰስ

ከሚንት ፍላሽ ከተነሳችሁ ሙሉ ዴስክቶፕ ይመጣል። ዲስኩ ገና አልተነካም። ዊንዶውሱ ሞቶ ባክአፕ ማድረግ ያልቻላችሁ እዚህ ላይ ፋይል ማናጀሩን ከፍታችሁ ፋይላችሁን ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጡ። ቢትሎከር ካለ ያንን ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ይጠይቃችኋል።

ከዚያ «ዲስክስ» የተባለውን ፕሮግራም ክፈቱ። በስተግራ ዲስኮቹ ተዘርዝረዋል። እዚህ ቆም በሉ። ስሙንና መጠኑን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ለምሳሌ 500 ጊጋባይት፣ የአምራቹ ስም፣ የሞዴሉ ቁጥር፤ ይህ የኮምፒውተሩ ዲስክ ነው። 8 ጊጋባይት፤ ይህ ፍላሹ ነው። ሌላ 500 ጊጋባይት ዲስክ ካለ ባክአፓችሁ ነውና አሁኑኑ ንቀሉት። ሁለት ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ዲስኮች ባሉበት ምንም አትደምስሱ።

ሜኑው ውስጥ «ስማርት ዳታ» የሚል አለ፤ የዲስኩን ጤና ያሳያል። «ሪአሎኬትድ ሴክተር» ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ዲስኩ መበላሸት ጀምሯል።

ለሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ፦ ዲስኩን መርጣችሁ ከሜኑው «ፎርማት ዲስክ» በሉ። «ኢሬዝ» በሚለው ስር ያለውን ነባር ዳታ በዜሮ የሚሸፍነውን፣ «ስሎው» የተባለውን ምረጡ። በእርግጥም ቀርፋፋ ነው። በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚጽፍ ዲስክ 1 ቴራባይቱን ለመሸፈን 10,000 ሰከንድ፣ ማለትም 3 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ጊዜ ይፈልጋል። አሮጌ ዲስክ ከዚህም ይዘገያል። ማታ ጀምራችሁ ተኙ።

አንድ ዙር ይበቃል ወይ? ይበቃል። 35 ጊዜ መሸፈን አለበት የሚለው ወሬ የመጣው ፒተር ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ስለዚያ ዘመን ዲስኮች ካወጣው ጽሑፍ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው 800-88 የተባለ መመሪያ ለዛሬ ማግኔታዊ ዲስክ አንድ ዙር በቂ እንደሆነ ይገልጻል። ሰባት ዙር፣ ሠላሳ አምስት ዙር እያሉ ያረጀ ዲስክን ማሰቃየት አያስፈልግም።

ኤስኤስዲ ግን ሌላ ነው። ኤስኤስዲ ሴሎቹ እኩል እንዲያረጁ ጽሑፉን እያዘዋወረ ያስቀምጣል። ለኮምፒውተሩ የማይታይ ትርፍ ቦታም አለው። ስለዚህ ከላይ በዜሮ ብትሸፍኑት የድሮ ዳታ በተደበቀው ክፍል ሊቀር ይችላል። ለዚህ የተሠራው «ሴኪዩር ኢሬዝ» የተባለው ትእዛዝ ነው፤ ዲስኩ ራሱ ሁሉንም ሴል እንዲያጸዳ ያዛል። የሳታ ኤስኤስዲ ከሆነ «ዲስክስ» ውስጥ በዚያው ፎርማት ምርጫ ስር ይታያል። ደብዝዞ አልመረጥ ካለ ባዮሱ ቆልፎት ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩን «ሰስፔንድ» አድርጎ መቀስቀስ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ኤንቪኤምኢ ለሚባሉት፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ ለሚሰኩት አዳዲስ ኤስኤስዲዎች ደግሞ ባዮሱን ፈትሹ፤ አንዳንድ አምራቾች ዲስክ ማጽጃ ምርጫ እዚያው አስገብተዋል። ጊዜው ሰዓታት ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ደቂቃዎች ነው።

ዲስኩ ከነጭራሹ ተበላሽቶ አልደመሰስ ካለና ሚስጥር የያዘ ከሆነ አትስጡት፤ አውጥታችሁ ያዙት ወይም በአካል ሰባብሩት።

ሌላ ቀላል መንገድም አለ። ዊንዶውሱ ጤነኛ ሆኖ እሱንኑ መልሳችሁ የምትፈልጉ ከሆነ ፍላሽም አያስፈልግም። ሴቲንግስ ውስጥ ሪከቨሪን ፈልጉ፣ «ሪሴት ዚስ ፒሲ»፣ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» በሉ። ቀጥሎ «ቼንጅ ሴቲንግስ» የሚለውን ሳትከፍቱ አትለፉ። ውስጡ ያለው «ክሊን ዳታ» የተባለው ማብሪያ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ኮምፒውተሩን ለሌላ ሰው የምትሰጡ ከሆነ አብሩት። ማክ ላላቸው ከ2021ዱ ሞንተሬይ ጀምሮ በቅርብ ዓመታት ማሽኖች ላይ «ኢሬዝ ኦል ኮንቴንት ኤንድ ሴቲንግስ» አለ፤ በድሮዎቹ የኢንቴል ማኮች ሲነሱ ኮማንድና አርን ይዞ ወደ ሪከቨሪ መግባት ነው። ከዚያ በፊት ግን ከአይክላውድ ውጡ፤ አለዚያ አዲሱ ባለቤት ሊጠቀምበት አይችልም።

መጫን

ሚንት ላይ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የመጫኛ አይኮን ሁለቴ ንኩ። ቋንቋና ኪቦርድ ይጠይቃል። የሚዲያ ኮዴኮችን (የቪዲዮና የድምፅ ፋይል ማንበቢያዎችን) ጫን የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት፤ ቪዲዮ ያለ ችግር እንዲከፈት ነው። ቀጥሎ «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን ምርጫ ውሰዱ። ላፕቶፑ ከቤት የሚወጣ ከሆነ በዚያው ስር ያለውን የምስጠራ ምርጫ ብታበሩ ጥሩ ነው። ወደፊት ማሽኑ ቢሰረቅ ፋይላችሁ አይነበብም፤ ልትሸጡት ስታስቡም መደምሰሱ ይቀላል። ፓስፍሬዙን ከረሳችሁት ግን ማንም አይከፍትላችሁም።

ዊንዶውስ ላይ የምርት ቁልፍ ሲጠይቅ «የለኝም» የሚለውን ምረጡ፤ ፈቃዱን ራሱ ያገኘዋል። እትሙ ግን ከድሮው ጋር አንድ ይሁን፤ ሆም የነበረው ላይ ፕሮ ብትጭኑ አክቲቬት አይሆንም። የአጫጫን ዓይነት ሲጠይቅ «ከስተም» በሉ። የፓርቲሽኖች ዝርዝር ይመጣል። ዲስኩን አስቀድማችሁ ከደመሰሳችሁ አንድ ባዶ መስመር ብቻ ይታያል። ካልደመሰሳችሁ የዚያን ዲስክ ፓርቲሽኖች አንድ በአንድ እየመረጣችሁ «ዲሊት» በሉ። በመጨረሻ የሚቀረው «አንአሎኬትድ ስፔስ» የሚል አንድ መስመር ነው። እሱን መርጣችሁ ቀጥሉ፤ የሚያስፈልጉትን ፓርቲሽኖች ዊንዶውስ ራሱ ይሠራል።

ዝርዝሩ ጭራሽ ባዶ ከሆነ አትደንግጡ። ዲስኩ አልጠፋም። አንዳንድ የኢንቴል ማሽኖች ዲስኩን «አርኤስቲ» ወይም «ቪኤምዲ» በሚባል አሠራር ስለሚያስነሱት መጫኛው ድራይቨር (ዲስኩን የሚያስተዋውቀውን ትንሽ ሶፍትዌር) ያጣል። ከአምራቹ ድረ ገጽ ድራይቨሩን ወደ ፍላሹ ገልብጣችሁ «ሎድ ድራይቨር» በሉ። ወይም ባዮስ ውስጥ የዲስኩን አሠራር ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩት፤ የድሮው ዊንዶውስ ስለተሰናበተ የሚበላሽ ነገር የለም።

በመሃል ኮምፒውተሩ ራሱን ዘግቶ ሲነሳ «ከፍላሽ ለመነሳት ቁልፍ ተጫኑ» ቢላችሁ አትንኩት። ከነካችሁት ጭነቱ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ዊንዶውስ 11 ሆም ሲዘጋጅ ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ማሽኑ የሚሰጥ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። አገርና ቋንቋ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዳለ አጥፉት፤ የራሱን ስምና ፓስወርድ አዲሱ ባለቤት ያስገባል። ሚንት ላይም ፍላሹ ሲነሳ የሚታየው «ኦኢኤም» የሚለው ምርጫ ለዚሁ የተሠራ ነው።

ከተጫነ በኋላ

ዋይፋይ የለም? አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያጋጥማል፤ በተለይ የብሮድኮም ቺፕ ያላቸው ድራይቨር ይፈልጋሉ። ድራይቨር ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። መውጫው ስልካችሁ ነው። አንድሮይድ ስልክን በኬብል ሰኩና በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» አብሩ። ኮምፒውተሩ እንደ ኔትወርክ ኬብል ያየዋል። ከዚያ ሚንት ላይ «ድራይቨር ማናጀር»ን፣ ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ አፕዴትን አስነሱ። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት የቀረበት ካለ ድራይቨሩን በሞዴሉ ስም ከአምራቹ ድረ ገጽ ፈልጉ። «ድራይቨር ሁሉ በአንድ ክሊክ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አትጫኑ፤ ያጸዳችሁትን ማሽን መልሰው የሚያቆሽሹት እነሱ ናቸው።

ድረ ገጾች ሁሉ የደህንነት ስህተት እያሉ አልከፈት ካሉ ሰዓቱንና ቀኑን እዩ። ማሽኑ በጠፋና በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 ነች፤ የሰዓት ሱቅ ውስጥም የምትገኝ ዓይነት ነች።

አፕዴቱን እስከ መጨረሻው አስጨርሱ። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ስለሚመጣ ደጋግማችሁ ፈትሹ። ከዚያ ሚንት ላይ «ታይምሺፍት»ን ከፍታችሁ አንድ የስርዓቱን ቅጂ አስቀምጡ፤ ወደፊት አፕዴት ቢያበላሽ ወደዚህ ቀን ትመለሳላችሁ። የግል ፋይላችሁን ግን እንደማይጨምር ልብ በሉ።

ፋይሎቻችሁን ስትመልሱ ሰነዱን፣ ፎቶውንና ሙዚቃውን ብቻ መልሱ። የድሮውን የተጠቃሚ ፎልደር እንዳለ አታራግፉበት። ፕሮግራምም ሲያስፈልግ ሲያስፈልግ ጫኑ እንጂ ድሮ የነበረውን ሁሉ በአንድ ቀን አትደርድሩ። ማሽኑ ፈጥኖ የሚቆየው በዚህ ነው።

ባክአፑን ቢያንስ አንድ ወር ሳትነኩ አቆዩት። የተረሳ ነገር የሚታወሰው ሥራ ላይ ሲፈለግ ነው። ያንን ያወጣችሁትን የፓስወርድ ፋይል ግን እስከዚያ አታቆዩት። ፓስወርዶቹ አዲሱ ብሮውዘር ውስጥ መግባታቸውን ካያችሁ በኋላ በዚያው ቀን ደምስሱት፤ ከውጫዊው ዲስክም፣ ከሪሳይክል ቢኑም።